ጠበቃችን የልጃችን የክርስትና አባት ናቸው፤ ስልክ ግን አያነሱልንም

ጤና ይስጥልኝ። ይህን ዓምድ ሁሌ አነባለሁ። አንድ ቀን የራሴን ጉዳይ ይዤ እመጣለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ከባለቤቴ ጋር ለንደን መኖር ከጀመርን 11 ዓመት ሆነን። ሁለት ልጆች አሉን። እስከ ዛሬ በኪራይ ነው የኖርነው። አሁን ክሮይደን ውስጥ ባለ ሁለት መኝታ ፍላት አግኝተን በ340,000 ፓውንድ ተስማምተናል። ባለ ሰባት ፎቅ ሕንፃ ነው፣ አምስተኛው ላይ። ሊዙ፣ ማለትም ፍላቱን ለተወሰነ ዘመን የምንይዝበት ውል፣ 84 ዓመት ይቀረዋል ተብለናል። ዲፖዚቱ 34,000 ፓውንድ ነው። 12,000ው የራሳችን ቁጠባ ነው። 14,000ው በቅርቡ የደረሰኝ እቁብ ነው። 8,000ውን ደግሞ ቨርጂኒያ ያለው ወንድሜ ላከልን፤ «ስትችሉ ትመልሳላችሁ» ብሎ። የመጀመሪያ ቤታችን ስለሆነ ስታምፕ ዲዩቲው፣ ማለትም ቤት ሲገዛ ለመንግሥት የሚከፈለው ግብር፣ 2,000 ፓውንድ ብቻ ነው ተብለናል።

ሶሊሲተር ስንፈልግ ብዙም አልተጨነቅንም። ታናሹን ልጃችንን ክርስትና ያነሱት ጋሼ ጠበቃ ናቸው። የመኖሪያ ፈቃዳችንን የጨረሱልንም እሳቸው ናቸው። አማርኛ ይናገራሉ፣ ያከብሩናል፣ ዋጋቸውም ቀለል ያለ ነው። ደስ ብሎን ጉዳዩን ሰጠናቸው።

ይኸው ስድስት ሳምንት ሆነ። ስደውል ስልኩ አይነሳም። ኢሜይል ስጽፍ ከሳምንት በኋላ በአንድ መስመር ይመለስልኛል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ «አይዞሽ ልጄ፣ እየሄደ ነው» ይሉኛል። ምኑ እየሄደ እንደሆነ ግን አላውቅም። ባለፈው ሳምንት ከቢሯቸው አንዲት ልጅ ደውላ የእቁቡ ገንዘብ ከየት እንደመጣ አስረጂ አለችኝ። ግማሹን በካሽ ነበር የተቀበልኩት፤ ሦስት ጊዜ ከፋፍዬ ነው ባንክ ያስገባሁት። እንደ ሌባ የተቆጠርኩ መሰለኝ። ለወንድሜም «ገንዘቡ ስጦታ ነው፣ አይመለስም» የሚል ወረቀት እንዲፈርም ላኩለት። ባለቤቴ «ለወግ ያህል ነው፣ ይፈርም» ይላል።

ኤጀንቱ በየሁለት ቀኑ ይደውላል። ሻጮቹ ተሰላችተዋል፣ የእኛን ሶሊሲተር ብትይዙ ቶሎ ያልቃል ይለናል። ቤቱን ማጣት አልፈልግም። ባለቤቴ ግን ጋሼን መቀየር ማለት ዝምድናውን ማፍረስ ነው፣ ሰው ምን ይለናል ይላል። በዚህ ሰበብ ቤታችን ውስጥ ሰላም ጠፍቷል። እሱ እንደኔ አልተጨነቀም። አዲስ አበባ በስሙ ኮንዶሚኒየም አለው፣ እናቱ ይኖሩበታል፣ ልቡም እዚያው ነው። ምን ይሻለኛል?

ግራ የገባት፣ ከደቡብ ለንደን

*

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው ስለ ጠበቃው መሰለኝ። ሁለተኛ ሳነበው ግን ዓይኔ መጨረሻ ላይ ጣል ያደረግሻት አንዲት ነገር ላይ ቀረ። ወደ እሷ እመለሳለሁ። አንቺ በጠየቅሽው ልጀምር።

ድካምሽ ይገባኛል። ስልክ እየደወሉ መልስ ማጣት ራሱን የቻለ ድካም ነው። በዚያ ላይ የምትደውይለት ሰው ልጅሽን ታቅፎ ከካህኑ ፊት የቆመ ሰው ሲሆን ቁጣሽን እንኳ የት እንደምታደርጊው አታውቂም። እሑድ ፈገግ ትያለሽ፣ ሰኞ ታለቅሻለሽ። ሌላ ጠበቃ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልከበደሽ ነበር።

አንድ ነገር ልንገርሽና ትንሽ ተንፍሺ። እንግሊዝ ውስጥ ቤት ለመግዛት ስድስት ሳምንት ብዙ አይደለም። ዋጋው ከተቆረጠበት ቀን አንስቶ ቁልፍ እስከምትረከቡ ብዙ ጊዜ ሦስት አራት ወር ይፈጃል። ፍላት ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ይዘገያል። የሻጩ ጠበቃ የውሉን ረቂቅ መላክ አለበት። ካውንስሉ ሰርች የሚባለውን ምርመራ መመለስ አለበት። ሕንፃውን የሚያስተዳድረው ድርጅት ስለ ሰርቪስ ቻርጁ፣ ማለትም ለሕንፃው የጋራ ወጪ ስለሚከፈለው፣ እና ስለ ሊዙ ጥቅል ወረቀት መስጠት አለበት። ጋሼ ሌሊቱን ሙሉ ቢሠሩም እነዚህን ማፋጠን አይችሉም። ስለዚህ መዘግየቱን ብቻ ይዤ አልፈርድባቸውም።

ዝምታው ግን ሌላ ነገር ነው። «ሰርቹ በዚህ ቀን ታዘዘ፣ ከሻጩ ጠበቃ ይህን እየጠበቅን ነው» ብሎ ለመጻፍ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ይህን የማወቅ መብት አለሽ። በዚህ ግዢ ውስጥ ኤጀንቱ የሻጩ ነው። ሞርጌጅ፣ ማለትም የቤት ብድር፣ የሚያፈላልግላችሁ ብሮከርም ብድሩ ካለቀ ሥራው አበቃ። ወረቀቱን ከአንቺ ጥቅም አንጻር የሚያነብልሽ ጠበቃሽ ብቻ ነው።

እኔም ሞኝነት ሠርቻለሁ። የመጀመሪያውን ቤቴን ስገዛ ጠበቃው ሊዙን ሲያስረዱኝ ያልገባኝን ሁሉ «እሺ፣ እሺ» እያልኩ አለፍኩ። ጥያቄ ማብዛት ሰውየውን አለማመን መሰለኝ። ከገባሁ በኋላ ምንጣፉን አንስቼ የሚያምር እንጨት አስነጠፍኩ። ሊዙ ግን ወለሉ ምንጣፍ እንዲኖረው ያስገድድ ነበር። የታች ጎረቤት አቤት አለ፣ እኔም እንደገና ምንጣፍ ገዛሁ። አንድ ጥያቄ ብጠይቅ ኖሮ ያ ሁሉ ወጪ ይቀርልኝ ነበር። አንቺ የያዝሽው ጉዳይ ደግሞ ከምንጣፍ እጅግ ይከብዳል።

አሁን በእርጋታ የምጠይቅሽ ነገር አለ። ጋሼ የመኖሪያ ፈቃድ ጠበቃ ናቸው ወይስ የቤት ዝውውር? ሁለቱንም አዘውትረው የሚሠሩ ከሆነ ደግ። ካልሆነ ግን የዓይን ሐኪምን ጥርሴን ንቀልልኝ እንደማለት ነው። የኢሚግሬሽን ሕግ ላይ አንበሳ የሆነ ሰው ፍላት ሲገዛ ምን ምን እንደሚጠየቅ ላያውቅ ይችላል። ይህን መጠየቅ ስድብ አይደለም። ምናልባት እሳቸውም ልጃቸውን ላለማሳፈር ብለው እምቢ ማለት አቅቷቸው ይሆናል። ይሉኝታ በእናንተ በኩል ብቻ ነው ያለው ብለሽ አታስቢ።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ቀጠሮ ያዢ። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሻይ ይዛችሁ አይሆንም። ቢሯቸው ነው የምትሄዱት፣ ከባለቤትሽ ጋር። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንቺ የልጃቸው እናት ነሽ፤ ቢሮ ውስጥ ደንበኛቸው ነሽ። ቦታው ብቻውን ንግግሩን ይቀይረዋል። መክፈቻው ካስቸገረሽ እንዲህ በይ፤ «ጋሼ፣ እርስዎ ለእኛ አባት ነዎት። ስለምናከብርዎ ነው ከሌላ ሰው ፊት ሳይሆን እዚህ የመጣነው። ይህ የሕይወታችን ትልቁ ገንዘብ ነው፤ እንቅልፍ አጥተናል። ጥቂት ነገር እንጠይቅዎት።»

ከዚያ ጠይቂ። የባንካችሁ የጠበቆች ዝርዝር ውስጥ፣ ፓነል በሚሉት ውስጥ፣ ቢሯቸው አለ ወይ? እዚህ አገር ብዙውን ጊዜ አንዱ ጠበቃ ለገዢውም ለአበዳሪው ባንክም ይሠራል። ባንኩ ደግሞ የማያውቀውን ቢሮ አይቀበልም። ፓነሉ ውስጥ ከሌሉ ባንኩ የራሱን ጠበቃ ያቆማል፣ ወጪው በእናንተ ላይ ይጨመራል፣ ጊዜውም ይረዝማል። መልሱ «የለንም» ከሆነ ግማሹ ጭንቀትሽ እዚያው ያልቃል። የባንክ ደንብ እንጂ የእናንተ ቅያሜ አይሆንም።

ቀጥሎ ሕንፃው። ግሬንፌል ታወር እ.ኤ.አ. ጁን 14 ቀን 2017 ሲቃጠል 72 ሰው ሞቷል። ከሞቱት መካከል ኢትዮጵያውያንም ኤርትራውያንም ነበሩ፤ የዚያን ሰሞን ልቅሶ የማይረሳን ብዙ ነን። ከዚያ ወዲህ የፍላት ግዢ ተለውጧል። በ2022 የወጣው የሕንፃ ደኅንነት ሕግ 11 ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍታ ወይም አምስት ፎቅና ከዚያ በላይ ያላቸውን ሕንፃዎች ለይቶ ይመለከታል። የእናንተው ሰባት ፎቅ ነው። ጠበቃው የውጭ ግድግዳው ምን እንደሆነ፣ የሚጠገን ነገር ካለ ማን እንደሚከፍል፣ ሻጩ የሚያስፈልጉትን ሰርተፊኬቶች መስጠቱን መጠየቅ አለበት። አንዳንድ ቢሮዎች እንዲህ ዓይነቱን ፍላት አንይዝም ይላሉ። የጋሼ ቢሮ ይይዛል ወይ? በዚያው ስለ 84 ዓመቱ ሊዝ አንሺ። 80 ዓመት ለረጅም ጊዜ ትልቅ ድንበር ነበር፤ ሊዙ ከዚያ በታች ሲወርድ ማራዘሚያው ይወደዳል። በ2024 የወጣው የሊዝ ሕግ ይህን እንዲያስቀር ተደንግጓል። ዛሬ ላይ የትኛው ደንብ እንደሚሠራ እሳቸው ይንገሩሽ።

የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል ነው። ፋይሉን በየቀኑ የሚይዘው ማን ነው? ያቺ የደወለችልሽ ልጅ ከሆነች ስሟንና ቀጥታ ስልኳን ተቀበይ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ሐሙስ፣ አጭር ኢሜይል እንዲላክልሽ ተስማሙ። ቤት እንደገባሽ የተነጋገራችሁትን በጽሑፍ ላኪላቸው። ዋጋውንም እንዲሁ። «ቀለል ያለ» ያልሽው ዋጋ ውስጥ 20 በመቶው ቫት፣ የሰርቹ ክፍያ፣ ቤቱ በሊዝ ስለተያዘ የሚጨመረው ክፍያ፣ ገንዘብ ማስተላለፊያው አለበት ወይስ በኋላ ነው የሚመጣው?

መልሳቸው ልብሽን ካሳረፈው አብራችሁ ቀጥሉ። አማርኛ የሚናገር፣ ጉዳዩን የሚያውቅና መልስ የሚሰጥ ጠበቃ ማግኘት ቀላል አይደለም። ካልሆነ ግን ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ ውጡ። የሠሩትን ያህል ትከፍላላችሁ፣ ፋይሉ ወደ አዲሱ ቢሮ ይተላለፋል፣ ሞርጌጅ ብሮከሩም ወዲያው ይነገረዋል። ኤክስቼንጅ፣ ማለትም ውሉ ተፈርሞ ከሻጩ ጋር የምትለዋወጡበት ቀን፣ ገና ስላልደረሰ ሕጉ አያስራችሁም። ምናልባት ጥቂት ሳምንት ይባክናል። ባለቤትሽ ዝምድናው ይፈርሳል ብሎ መፍራቱን አልንቅም። እንዲያው እጠይቀዋለሁ፤ ቤቱ በእሳቸው ስህተት ቢበላሽስ ዝምድናው ይተርፋል?

ኤጀንቱን በሚመለከት አጭር ልሁን። የእነሱን ጠበቃ ያዙ ብሎ ማስገደድ አይችልም። ብዙ ኤጀንቶች ደንበኛ ለላኩበት ጠበቃ ኮሚሽን ይቀበላሉ፤ ይህንንም ሊነግሩሽ ይገባል። «ስንት ይከፈላችኋል?» ብለሽ በኢሜይል ጠይቂው። ያ ቢሮ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ግን አንቺው መርጠሽ ያዢው። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የሶሊሲተር ቢሮዎች የቤት ዝውውር ዋጋቸውን ድረ ገጻቸው ላይ የማውጣት ግዴታ አለባቸው። ሦስት ቢሮ አወዳድሪ። ሶሊሲተሩ ፈቃድ እንዳለው በተቆጣጣሪው፣ በኤስአርኤ መዝገብ ላይ በነፃ ታገኚያለሽ። ላይሰንስድ ኮንቬያንሰር የሚባሉትም አሉ፤ ዋና ሥራቸው የቤት ዝውውር ነው፣ ተቆጣጣሪያቸው ሲኤልሲ ነው። ሶሊሲተር አይደሉም ብለሽ አትለፊያቸው።

አሁን ወደ እቁቡ። «እንደ ሌባ የተቆጠርኩ መሰለኝ» ያልሽው አሳዝኖኛል። እቁብ እናቶቻችን ልጅ ያስተማሩበት፣ ሱቅ የከፈቱበት ነው። የምናፍርበት ነገር የለም። ያቺ ልጅ ግን አንቺን ጠርጥራ አይደለም የደወለችው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ሕገወጥ ገንዘብን ሕጋዊ ማስመሰልን የሚከለክለው ደንብ ጠበቃው የእያንዳንዱን ደንበኛ ገንዘብ ምንጭ እንዲያጣራ ያስገድዳል። እንግሊዛዊ አያት ለልጅ ልጃቸው ሲሰጡም ይጠየቃሉ። ከእኛ በኩል ያለው ችግር እቁብ ምን እንደሆነ ከወዲያ ያለው ሰው አለማወቁ ነው። ስለዚህ አስረጂው።

የእቁባችሁን ሰብሳቢና ጸሐፊ አነጋግሪ። በእንግሊዝኛ አንድ ገጽ ደብዳቤ ይጻፉልሽ። እቁብ ምን እንደሆነ በሁለት መስመር፣ ስንት አባል እንዳላችሁ፣ በወር ስንት እንደምትጥሉ፣ መቼ እንደተጀመረ፣ ለአንቺ መቼና ስንት እንደደረሰሽ ይኑርበት። ሁለቱም ይፈርሙበት፣ ስልካቸውንም ይጻፉ። ለምሳሌ 28 ሰው በወር 500 ፓውንድ ቢጥል 14,000 ይመጣል፤ ሒሳቡ እንዲህ ቁልጭ ብሎ ይታይ። ከዚያ የባንክ መግለጫሽን አውጪና በየወሩ የጣልሽውን በቀለም አስምሪበት። በካሽ ጥለሽ ከሆነም የእቁቡ ደብተር ገጽ ፎቶ ይረዳል። ሦስቱን የካሽ ገቢዎች ራስሽ አንሺያቸው፤ ቀናቸውንና መጠናቸውን ጻፊ። የካሹ ግማሽ ወትሮም ጥያቄ ያስነሳል፣ በሦስት ተከፍሎ ሲገባ ደግሞ ይበልጥ። ቀድመሽ ካስረዳሽ ይቀላል። ከዛሬ ጀምሮ ግን ያን ገንዘብ ከአንዱ አካውንት ወደ ሌላው አታዘዋውሪው። ባለበት ይቀመጥ።

እቁቡ አልቋል ወይስ ገና ነው? እጣሽ በመሃል ከደረሰሽ ቀሪውን ዙር ትጥያለሽ። ያ በየወሩ የሚወጣ ግዴታ ነውና ለብሮከሩ ንገሪው። ባንኩ የወር ወጪያችሁን ሲያሰላ ሊያየው ይገባል።

የወንድምሽ ወረቀት ላይ ከባለቤትሽ ጋር አልስማማም። ለወግ ያህል የሚፈረም አይደለም። ወንድምሽ «ስትችሉ ትመልሳላችሁ» ካለ ብድር ነው። ብድሩን ስጦታ ነው ብሎ መፈረም ባንኩን ማታለል ነው። ጋሼ ደግሞ ለባንኩም የሚሠሩ ጠበቃ ናቸው። እውነቱን ካወቁ ለባንኩ የመንገር ግዴታ አለባቸው፤ ዝም ካሉ እንጀራቸው ነው የሚነካው። የክርስትና አባቱን እዚህ ውስጥ አታስገቧቸው። ከወንድምሽ ጋር በግልጽ ተነጋገሩ። «ይህ ገንዘብ ባይመለስ ይከፋሃል?» ብለሽ ጠይቂው። «ለልጆችሽ ይሁን» ካለ በሙሉ ልቡ ይፈርም፤ መታወቂያውንና የባንክ መግለጫውንም ያቅርብ። ገንዘቡን የሚፈልገው ከሆነ ለብሮከሩ ብድር መሆኑን ንገሩት። አንዳንድ ባንክ አይቀበልም፣ አንዳንዱ የሚያበድረውን መጠን ቀነስ አድርጎ ይቀበላል። ያኔ አማራጩን ታያላችሁ።

ወደዚያች ወደ ቀረሁባት ነገር ልመለስ። «አዲስ አበባ በስሙ ኮንዶሚኒየም አለው።»

እህቴ፣ ይህን ለጋሼ ነግራችኋቸዋል? ፎርሙ ላይ የመጀመሪያ ቤት ገዢ ነን ብላችሁ ሞልታችሁ ከሆነ እባክሽ ዛሬውኑ አስተካክሉት። ብዙ ሐበሻ አገር ቤት ያለው ቤት አይቆጠርም ብሎ ያምናል። እዚህ አገር ግን ይቆጠራል። የመጀመሪያ ቤት ገዢ የሚባለው በዓለም ላይ የትም ቦታ የመኖሪያ ቤት ኖሮት የማያውቅ ሰው ነው። ቤቱን በጋራ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ሁለታችሁም እንዲህ መሆን አለባችሁ። በውርስም ይምጣ በእጣ ለውጥ የለውም።

ሒሳቡን ተመልከቺው፤ እ.ኤ.አ. ከአፕሪል 2025 ወዲህ ባለው ስሌት ነው። የ340,000 ፓውንድ ቤት ላይ የመጀመሪያ ቤት ገዢ 2,000 ፓውንድ ይከፍላል፣ እንደተነገራችሁ። ያ ቅናሽ ከቀረ 7,000 ይሆናል። ሌላ ቤት እያለው ተጨማሪ ቤት ለሚገዛ ሰው ግን ሌላ ተመን አለ፤ በዚያ ሲሰላ 24,000 ፓውንድ ይደርሳል። ይህ ጭማሪ የሚመጣው ውጭ አገር ያለው ቤት ዋጋ 40,000 ፓውንድ ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። ስለዚህ ኮንዶሚኒየሙ ዛሬ ስንት ያወጣል፣ ካርታው በማን ስም ነው፣ ከእሱ ሌላ ባለድርሻ አለ ወይ የሚለው ወሳኝ ነው። በ2,000 እና በ24,000 መካከል ያለው ልዩነት ከእቁብሽ ይበልጣል።

«እንግዲያው ቤቱን በአንቺ ስም ብቻ እንግዛው» የሚል ሰው አይጠፋም። ለዚህ ጭማሪ ሲባል አብረው የሚኖሩ ባልና ሚስት እንደ አንድ ገዢ ነው የሚታዩት፤ ስለዚህ እሱ ብቻውን አያድንም። «ካርታውን ቶሎ ወደ እናቱ ስም ያዙረው» የሚልም ይመጣል። ያለ ባለሙያ እንዳትነኩት። እናቱ የሚኖሩበት ቤት ነው፣ ከግብር በላይ የሆነ ነገር አለው። ብዙ የቤት ዝውውር ጠበቆች የግብር ምክር አንሰጥም ይላሉ። ጋሼም እንዲህ ካሉ «የስታምፕ ዲዩቲ ባለሙያ ይጠቁሙን» በያቸው፤ መልሱን በጽሑፍ ተቀበዪ። የግብር ቅጹን ጠበቃው ቢያስገባላችሁም ተጠያቂዎቹ እናንተ ናችሁ። ከኤክስቼንጅ በፊት ማወቅ አለባችሁ፤ ከዚያ በኋላ አቅም አነሰን ብላችሁ ብትወጡ 34,000ው ይቀልጣል።

ይህ ደስ የማይል ዜና መሆኑን አውቃለሁ። ምናልባት በርካሽ ቤት መፈለግ ወይም አንድ ዓመት መቆየት ሊመጣ ይችላል። ግን ለባለቤትሽ ስትነግሪው እንደ ክስ አይሁን። «ልቡ እዚያው ነው» ብለሻል። ለንደን ላይ ቤት መግዛት ለአንቺ ማረፍ ነው። ለእሱስ ምን ይሆን? አገር ቤት የመመለስ ተስፋን መዝጋት መስሎት ይሆን? ጠይቀሽው ታውቂያለሽ? ስለ ጋሼ የምትጨቃጨቁት ሁሉ በእርግጥ ስለ ጋሼ ነው ብዬ አላምንም። ልጆቹ ሲተኙ ኮንዶሚኒየሙንና ፍላቱን አንድ ላይ አንስታችሁ ተነጋገሩ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ።

ሌላም ሳልነግርሽ ማለፍ የማልችለው ነገር አለ። ዲፖዚቱን የምትልኩበት ቀን ሲደርስ ሌቦች የጠበቃውን ኢሜይል አስመስለው «የባንክ ቁጥራችን ተቀይሯል» ብለው ይጽፋሉ። ሰው የዕድሜ ልክ ቁጠባውን በአንድ ጠቅታ ያጣበት ወጥመድ ነው። ቢሮ ስትሄዱ የባንክ ቁጥራቸውን በእጅ ተቀበሉ። ተቀየረ የሚል ኢሜይል ከመጣ እውነት ነው ብለሽ አትቀበይው። ኢሜይሉ ላይ ባለው ስልክ ሳይሆን ቀድሞ በምታውቂው ስልክ ደውለሽ ድምፃቸውን ስሚ። መጀመሪያ ትንሽ ገንዘብ ልከሽ መድረሱን አረጋግጪ።

ከሁሉ በፊት ግን ዛሬ ማታ ባለቤትሽን «ፎርሙ ላይ ምን ብለን ነው የሞላነው?» ብለሽ ጠይቂው። ነገ ጠዋት የጋሼ ቢሮ ደውለሽ ቀጠሮ ያዢ። ወንድምሽ ያለበት ከለንደን አምስት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነ ከሥራ ሲወጣ ልጆቹን አስተኝተሽ ታገኚዋለሽ። የጋሼን መልስ ስትሰሚ፣ በተለይ ስለ ባንኩ ፓነልና ስለ ስታምፕ ዲዩቲው ያሉሽን ጻፊልኝ። የሚቀጥለውን እርምጃ አብረን እናየዋለን።